የኮምፒዩተር መረብ ባለሙያዎች የተግባር ፈተናና የዝግጅቱ ታሪክ

መግቢያ

ፈተና የተማረውን ካልተማረው ለመለየት የቆመ ወንፊት ነው ይባላል። ነገር ግን የትምህርትን ታሪክ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ሰው ፈተና ከዚህ የበለጠ ኀይል አለው፤ ተማሪው ገና ከፈተናው ወራትና ዓመታት ሲቀሩት ምን እንደሚያነብ፥ እጁን በምን እንደሚያለማምድ፥ ገንዘቡንም በምን ላይ እንደሚያወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ የአንድን ሙያ ታሪክ ለማወቅ የፈለገ ሰው የሙያውን ፈተና ታሪክ ቢመረምር ድካሙ ከንቱ አይሆንም ብለን እናምናለን።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 ያቋቋመውን፥ ሲ.ሲ.አይ.ኢ. እየተባለ የሚጠራውን የተግባር ፈተና ነው። ይህን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ በኮምፒዩተር መረብ ሙያ ውስጥ ተፈታኙን ከወረቀት አንሥተው ከመሣሪያው ፊት ካስቀመጡት ፈተናዎች መካከል ቀደምትና እጅግ የታወቀ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፥ ቅርጹ በየጊዜው ስለተለወጠ፥ ፈተና ሲለወጥ ዝግጅትም እንዴት አብሮ እንደሚለወጥ በግልጥ ስለሚያሳይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ የእጅን ዕውቀት በፈተና መመዘን ይቻላልን? ቢቻልስ፥ ፈተናው ጥቂት ዓመታት ሲቈይ በቃል ወደሚሸመደድ ድርሳን እንዳይለወጥ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

፩. ከፈተናው በፊት የነበረው ሁኔታ

ሲስኮን በ1984 ያቋቋሙት ሌናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር የተባሉ፥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ክፍሎች ይሠሩ የነበሩ ባልና ሚስት ናቸው። የኩባንያው ዋና ሸቀጥ ራውተር ነበር። ራውተር አንዱን መረብ ከሌላው መረብ ጋራ የሚያገናኝ፥ የሚደርስለትንም የመረጃ ጥቅል አድራሻ አይቶ በየትኛው መንገድ መሄድ እንዳለበት የሚወስን መሣሪያ ነው፤ በመንገድ መገናኛ ላይ ቆሞ መኪናውን ሁሉ ወደየአቅጣጫው እንደሚያሳልፍ የትራፊክ ፖሊስ አድርገን ብናስበው ከእውነቱ አንርቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንኮች፥ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተበታተኑ ኮምፒዩተሮቻቸውን ማገናኘት ሲጀምሩ መሣሪያው በብዛት ይሸጥ ጀመር። መሣሪያው ሲበዛ ግን መሣሪያውን በትክክል አዝዞ የሚያሠራው፥ ሲበላሽም የሚያቃናው ሰው እጥረት ታየ።

በዚያ ዘመን የምስክር ወረቀት አልነበረም ማለታችን አይደለም። የቢሮ ኮምፒዩተሮችን በማገናኘት ሥራ ስሙ ገኖ የነበረው በዩታ የነበረው ኖቬል ኩባንያ፥ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲ.ኤን.ኢ. የተባለ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ፈተናውም ከተደረደሩ መልሶች ትክክለኛውን መምረጥ ነበር። ይህ ዐይነት ፈተና ለማዘጋጀትም ሆነ ለማረም ቀላል ነው፤ ብዙ ሕዝብም በአጭር ጊዜ ይፈተንበታል። ጉድለቱ ግን ቶሎ ታየ። ጥያቄውንና መልሱን ሸምድደው ያለፉ፥ ከሥራ ቦታ ሲደርሱ ግን አንድ ገመድ እንኳ በትክክል መሰካት የሚያቅታቸው ሰዎች በዙ፤ አሠሪዎችም እነዚህን «የወረቀት ሲ.ኤን.ኢ.» እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም። የምስክር ወረቀት ዋጋው በሚመሰክረው ነገር እውነተኛነት ነው፤ ምስክሩ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ በእውነት ሠርቶ ያገኘውም ሰው አብሮ ይዋረዳል።

፪. የሁለት ቀን ፈተና ከ1993 እስከ 2001

የሲስኮ ፈተና ሲቋቋም የተያዘው ሐሳብ ይህን ጉድለት የሚያርቅ ነበር። ተፈታኙ በመጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና ያልፋል፤ ይህ ግን ወደ ደጁ የሚያስገባ ብቻ ነው። ዋናው ፈተና በቤተ ሙከራ ውስጥ፥ በእውነተኛ መሣሪያ ላይ፥ ፈታኝ ቆሞ እያየ የሚሠራ ነበር። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ አንባቢዎች ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል፤ የድጓ ተማሪ በመምህሩ ፊት ዜማውን ራሱ ሳይዘልቀው «ዐውቃለሁ» በማለት ብቻ እንደማያስመሰክር፥ እዚህም ተፈታኙ መረቡን ራሱ ሳይሠራ አይመሰከርለትም።

ስለ ተፈታኞቹ ቍጥር አንድ ታሪክ አለ። የአላፊዎቹ መለያ ቍጥር የጀመረው ከአንድ ሳይሆን ከ1024 ነው፤ 1024 ሁለት በራሱ ዐሥር ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ፥ በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ የተወደደ ቍጥር ነው። 1024 የተሰጠው ለሰው ሳይሆን ለቤተ ሙከራው ለራሱ ነበር። 1025 ፈተናውን ላዘጋጀው ለስቱዋርት ቢግስ፥ 1026 ደግሞ ተፈትኖ በማለፍ የመጀመሪያ ለሆነው ለቴሪ ስላተሪ ተሰጠ። ስላተሪ የኩባንያው ቅጥረኛ ሳይሆን ከውጭ የመጣ አማካሪ መሐንዲስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ፈተናው የኩባንያውን ሠራተኞች ብቻ ለመሸለም የተፈጠረ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ፈተናው ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጧት ተፈታኙ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ራውተሮችና ስዊቾች፥ የገመድ ክምርና የመረቡ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ገመዱን ራሱ ይሰካል፤ አድራሻ ያድላል፤ የመንገድ ፕሮቶኮሎችን አንድ ባንድ ያቆማል። በዚያ ዘመን የሚፈተነው በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ብቻ አልነበረም፤ የኖቬል አይ.ፒ.ኤክስ.፥ የአፕል ኩባንያ አፕልቶክ፥ የአይ.ቢ.ኤም. ቶክን ሪንግ፥ እንዲሁም ፍሬም ሪሌይና አይ.ኤስ.ዲ.ኤን. ሁሉ አብረው ይመጡ ነበር። በማታ ፈታኙ ሥራውን ይመረምራል፤ በቂ ነጥብ ያላገኘው በሁለተኛው ቀን ሳይመለስ ወደ አገሩ ይሸኛል። የተመለሰው ደግሞ ሥራውን ከቀጠለ በኋላ ከክፍሉ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በዚህም ጊዜ ፈታኙ ገብቶ ተፈታኙ ሁለት ቀን የደከመበትን መረብ ሆን ብሎ ያበላሸዋል። ተፈታኙ ሲመለስ የተበላሸውን ፈልጎ፥ ምክንያቱን ለይቶ ማቃናት አለበት። ለማለፍ ከመቶ 80 ነጥብ ያስፈልግ ነበር፤ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ዐሥር ትእዛዝ ተሰጥቶ ዘጠኙን የፈጸመ ሰውም የግማሽ ነጥብ አያገኝም።

ይህ የመጨረሻው ክፍል የፈተናው ልብ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። መሥራት በልምምድ ይገኛል፤ ሌላ ሰው ያበላሸውን ማግኘት ግን መረቡ እንዴት እንደሚያስብ ማወቅን ይጠይቃል።

፫. ዝግጅቱ

ለእንዲህ ያለ ፈተና እንዴት ይዘጋጁ ነበር? እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ለይተን እንመልከት፤ እነሱም መሣሪያ፥ ንባብና እጅ ናቸው።

መሣሪያውን በተመለከተ፥ በትልቅ ኩባንያ የሚሠራ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ቤተ ሙከራ ያገኝ ነበር። ይህ ዕድል የሌለው ግን የራሱን ቤተ ሙከራ በቤቱ ማቋቋም ነበረበት። በ1990ዎቹ ማብቂያ ድርጅቶች የጣሏቸው የ2500 ተከታታይ ራውተሮች በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጡ ስለነበር፥ ብዙ ተማሪዎች ስድስት ሰባቱን ገዝተው በመኝታ ክፍላቸው ይደረድሩ ነበር። ከነዚህ አንዱ፥ 2511 የተባለው፥ ዐሥራ ስድስት መሣሪያዎችን ከአንድ ቦታ ለማዘዝ ይጠቅማል፤ ሌላው ብዙ መሰኪያ ያለው ራውተር ደግሞ የቴሌፎን ኩባንያውን ፍሬም ሪሌይ ስዊች አስመስሎ ይሠራል። ጩኸቱና ሙቀቱ የቤተ ሰቡን እንቅልፍ የሚነሣ፥ የመብራቱንም ሂሳብ የሚያንር ነበር። እንግዲህ ዝግጅቱ ገና ከመጀመሩ ገንዘብ ያለውን ከሌለው ይለይ ነበር ማለት ነው።

ንባብን በተመለከተ፥ የኩባንያው የራሱ መመሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያው ምንጭ ነበር። በፈተናው ክፍል ውስጥ እንዲገለጥ የሚፈቀደውም ይኸው መመሪያ ብቻ ስለነበረ፥ ተማሪው የሚያጠናው ይዘቱን ብቻ ሳይሆን የትኛው ነገር በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገኝ ጭምር ነበር። በ1998 ጄፍ ዶይል ስለ መንገድ ፕሮቶኮሎች ያወጣው መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ ደግሞ ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም የሚያስረዳ በመሆኑ በተፈታኞች እጅ በሰፊው ገባ።

ሦስተኛው፥ ዋነኛውም፥ የእጅ ልምምድ ነው። ልምምዱ ምን ዐይነት እንደነበረ ለማስረዳት ሁለት ምሳሌዎች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. በተባለው ፕሮቶኮል ጎረቤታሞች ራውተሮች በየጊዜው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በተራ የቢሮ መረብ ላይ ሰላምታው በየ10 ሴኮንዱ ሲሆን፥ እንደ ፍሬም ሪሌይ ባለው መረብ ላይ ሳይነኩት ከተዉት በየ30 ሴኮንዱ ነው። አንዱ ራውተር በ10፥ ሌላው በ30 ሴኮንድ የተዘጋጀ እንደሆነ ገመዱ ደኅና፥ አድራሻውም ትክክል ሆኖ ሳለ ጉርብትና ከቶ አይመሠረትም። ጀማሪው ገመድ ይፈትሻል፤ አድራሻ ይለዋውጣል፤ አንድ ሰዓት ያባክናል። የተለማመደው ግን በመጀመሪያ የሁለቱን ሰዓት አስተያይቶ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል።

ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ነው። ሀ እና ለ የተባሉ ሁለት ራውተሮች በሁለት ፕሮቶኮሎች ድንበር ላይ ቆመዋል እንበል፤ በአንዱ ወገን ሪፕ፥ በሌላው ወገን ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. ይሠራል። ሀ በሪፕ የሰማውን አንድ አድራሻ ተርጕሞ ወደ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. ወገን ያሰማል። ለ ያንኑ አድራሻ ከሁለቱም ወገን ይሰማል። በሲስኮ መሣሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮቶኮል የታማኝነት ቍጥር ተሰጥቶታል፤ የሪፕ 120፥ የኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. 110 ሲሆን ቍጥሩ ያነሰው ይበልጥ ይታመናል። ስለዚህ ለ በአጠገቡ ያለውን ትክክለኛ የሪፕ መንገድ ትቶ በሀ በኩል የሚዞረውን ይመርጣል። ከዚያም አልፎ ያንን ወሬ መልሶ ወደ ሪፕ ቢያሰማ፥ በሪፕ ወገን ያሉ ራውተሮች አድራሻው ከለ በስተኋላ ያለ ሊመስላቸው ይችላል፤ ጥቅሉም ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። መድኀኒቱ የተተረጐመውን ወሬ ምልክት አድርጎ ተመልሶ እንዳይገባ መከልከል፥ ወይም የታማኝነቱን ቍጥር መለወጥ ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ገብቶኛል ይላል፤ ነገር ግን በራሱ እጅ መረቡን አዙሮ፥ ጥቅሉ ሲዞር በዐይኑ አይቶ፥ መልሶም ያቃናው ሰው ሌላ ጊዜ ምልክቱን ከሩቅ ያውቀዋል።

ከዚህ ሌላ በልምምድ የሚገኙ፥ በመጽሐፍ እምብዛም የማይጻፉ ልማዶች ነበሩ። ምንም ሳይነኩ ጥያቄውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፤ የመረቡን ሥዕል በራስ እጅ እንደገና መሣል፤ የየጥያቄውን ነጥብ በሠንጠረዥ ይዞ የተሠራውንና ያልተሠራውን መለየት፤ ሥራን በየጊዜው በመሣሪያው መዝገብ ማስቀመጥ፤ በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ራውተር ወደ እያንዳንዱ አድራሻ ጥሪ ልኮ መልስ መምጣቱን ማረጋገጥ ናቸው። እነዚህ ልማዶች ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለዕለት ሥራም የሚጠቅሙ መሆናቸው የፈተናውን መልካምነት ያስረዳል።

፬. የቅርጽ ለውጥና የሽምደዳ መመለስ

በ1990ዎቹ ማብቂያ የተፈታኙ ቍጥር በጣም በዝቶ ተራ መጠበቅ ወራትን ይፈጅ ጀመር። ስለዚህ በ2001 ፈተናው ከሁለት ቀን ወደ አንድ ቀን፥ ይኸውም ወደ ስምንት ሰዓት፥ ተቀነሰ። ገመዱ አስቀድሞ ተሰክቶ የሚጠብቅ ሆነ፤ ራሱን የቻለው የብልሽት ፍለጋ ክፍልም ቀረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እነአይ.ፒ.ኤክስ.፥ አፕልቶክና ቶክን ሪንግም ከገበያው እየጠፉ ስለሄዱ ከፈተናው ወጡ።

ለውጡ ለአስተዳደር የተመቸ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ክፉ መዘዝ ተከተለው። ብልሽት መፈለግ ሲቀር የቀረው መሥራት ብቻ ሆነ፤ የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ደግሞ መሥራትም በቃል ይጠናል። የፈተናውን ጥያቄ ከክፍሉ ሲወጡ እየጻፉ የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ፤ ገዥውም ትእዛዞቹን መስመር በመስመር ሸምድዶ ይገባ ጀመር። የኖቬል ዘመን በሽታ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው፤ ቀድሞ የሚሸመደደው መልስ ነበር፥ አሁን የሚሸመደደው የእጅ እንቅስቃሴ ሆነ።

ኩባንያው ለዚህ በ2009 ሁለት መልስ ሰጠ። አንደኛው ከፈተናው በፊት ተፈታኙ በራሱ ቃል አጭር መልስ የሚጽፍባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ እነዚህ ብዙ ሳይቈዩ በ2010 ተሰረዙ። ሁለተኛውና ዘላቂው የብልሽት ፍለጋው ክፍል መመለስ ነው፤ ለእሱ ሁለት ሰዓት፥ ለመሥራቱ ክፍል አምስት ሰዓት ተኩል ተመደበ። በ2014 ደግሞ ተፈታኙ መሣሪያውን ሳይነካ ከደብዳቤዎች፥ ከሥዕሎችና ከመሣሪያ መዝገቦች ብቻ የብልሽቱን ምንጭ እንዲለይ የሚጠይቅ የግማሽ ሰዓት ክፍል ተጨመረ። እዚህ ላይ የምናየው ፈታኞቹ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ጥንቱ ሐሳብ መመለሳቸውን ነው።

፭. መሣሪያው ከመደርደሪያ ሲወርድ

በዚሁ ዘመን ከኩባንያው ውጭ አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። በ2005 ክሪስቶፍ ፊዮ የተባለው ፈረንሳዊ ዳይናሚፕስ የተባለ ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራሙ የራውተሩን አካል በተራ ኮምፒዩተር ውስጥ አስመስሎ ስለሚፈጥር የራውተሩ እውነተኛ ሶፍትዌር ሳይለወጥ በላዩ ይሠራ ነበር። ጥቂት ቈይቶም ጄረሚ ግሮስማን የጀመረው ጂ.ኤን.ኤስ.3 ይህንኑ በሥዕል እያሳየ ለማዘዝ አመቻቸው። ጉድለቶች ነበሩት፤ ራውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ እንኳ የኮምፒዩተሩን ጕልበት ሁሉ ይበላ ስለነበር ተማሪው የሚያሳርፍበትን ቍጥር ፈልጎ መስጠት ነበረበት፤ የስዊቾቹንም ልዩ አካል ማስመሰል ስላልተቻለ ብዙዎች እውነተኛ ስዊች መግዛታቸውን አልተዉም። ይሁን እንጂ ቀድሞ አንድ ክፍል የሚሞላው የራውተር ቤተ ሙከራ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ።

ኩባንያውም ራሱ በዚሁ መንገድ ሄደ። በ2009 የብልሽት ፍለጋው ክፍል፥ በ2014 ደግሞ የዋናው ዘርፍ ፈተና በሙሉ፥ በሶፍትዌር በተመሰሉ መሣሪያዎች ላይ ሆነ፤ ፍሬም ሪሌይም በዚያው ዓመት ወጣ። በዚህም የተነሣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀድሞ በመደርደሪያ ሊቀመጥ የማይችል ብዛት ያለው መረብ ለተፈታኙ ማቅረብ፥ ጥያቄውንም ቶሎ ቶሎ መለወጥ ተቻለ። በየካቲት 2020 ፈተናው ስሙም አካሉም ተለወጠ፤ ሦስት ሰዓት ለንድፍ፥ አምስት ሰዓት ለመሥራት፥ ለማስተዳደርና ለማሻሻል ተመደበ። ተፈታኙ ትእዛዝን አንድ ባንድ ከመጻፍ አልፎ በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም ጽፎ ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ማዘዝም ይጠየቅ ጀመር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮችን መደምደም የምንችል ይመስለናል።

አንደኛ፥ የእጅን ዕውቀት መፈተን ይቻላል፤ ነገር ግን መሣሪያ ማቅረብ ብቻ ፈተናን የተግባር ፈተና አያደርገውም። ከ2001 እስከ 2009 መሣሪያው በቦታው ነበረ፤ ሽምደዳውም በቦታው ነበረ። ሽምደዳን የሚያሸንፈው ተፈታኙ አይቶት የማያውቀውን ብልሽት በፊቱ ማኖር ነው፤ ያልታየ ነገር አይሸመደድምና።

ሁለተኛ፥ ተማሪ የሚዘጋጀው ለሙያው ሳይሆን ለፈተናው ነው ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ፈተናው ሙያውን በእውነት የመሰለ እንደሆነ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ጥፋቱ ካለ የፈተናው አዘጋጅ ነው።

ሦስተኛ፥ የመሣሪያው በሶፍትዌር መተካት ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ድኻውን ተማሪ ነው። ሆኖም በሩ ፈጽሞ አልተከፈተም። ቤተ ሙከራዎቹ እንደ ብራስልስ፥ ቶኪዮና ዱባይ ባሉ ጥቂት ከተሞች ብቻ ስለነበሩ፥ ከሩቅ አገር የሚመጣው ተፈታኝ በ2020 1600 ዶላር ከነበረው የፈተና ዋጋ ሌላ የአውሮፕላን፥ የሆቴልና የቪዛ ወጪ ይሸከማል፤ ቢወድቅም ይህን ሁሉ ይደግማል። ስለዚህ ከአላፊዎች ስም ዝርዝር ላይ የአንድ አገር ልጆች ጥቂት ሆነው ቢገኙ የዕውቀታቸውን ማነስ ያሳያል ብሎ የሚፈርድ ሰው ቸኩሏል።

ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህሮቻችን ከዚህ ታሪክ የሚተርፈን ትምህርት ግልጥ ነው። በየቤተ ሙከራችን የሚሰጠው ፈተና «ይህን ሥራ» ከማለት በተጨማሪ «ይህ ለምን እንደማይሠራ ፈልግ» የሚል ቢሆን፥ ወጪው ከዛሬው የማይበልጥ፥ ጥቅሙ ግን እጅግ የበዛ ይሆናል። አንድ መምህር ከመረቡ አንዲት ቍጥር ለውጦ ተማሪውን ቢጠራው በቂ ነው።